በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ሙያ ለመሠማራት፦ የሙያ ሥልጠና ወይስ ዩኒቨርሲቲ?

በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ፣ በተለምዶ አይቲ በምንለው መስክ ለመሠማራት የወሰነ ወጣት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን እንዳጠናቀቀ የሚገጥመው ትልቁ ጥያቄ፣ ሙያ ማሠልጠኛ ገብቶ በአጭር ጊዜ ሥራ መጀመር ይሻለዋል ወይስ ሦስትና አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ ዲግሪ መያዝ የሚለው ነው። ጥያቄው ትልቅ የመሆኑን ያህል የሚመለስበት መለኪያ ግን ብዙ ጊዜ የሳተ ነው። ወላጆች የዲግሪን ክብር ያስቀድማሉ፣ ጓደኞች ቶሎ ስለሚገኝ ደመወዝ ያወራሉ፣ ተቋማቱ ደግሞ የየራሳቸውን በጎ ጎን ብቻ ይናገራሉ። ከሁለቱም በኩል የመጡ አዲስ ገቢዎችን ለዓመታት በሥራ ላይ ሳለማምድ ያስተዋልኩት ግን ሁለቱም መንገዶች ሰውን ጉድለት አስይዘው እንደሚያወጡ፣ ጉድለቱም ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚለያይ ነው። ስለዚህ መራጩ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «ከሁለቱ ጉድለቶች የትኛውን ያለ አስተማሪ፣ በራሴ ጥረት መሙላት እችላለሁ?» ብሎ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በሙሉ በዚሁ ጥያቄ ዙሪያ የሚያጠነጥን ነው።

አንድ ችግር በሁለት ባለሙያ ዓይን

ልዩነቱን ከብዙ ማብራሪያ ይልቅ አንድ ተራ የሥራ ቀን ችግር ያሳየዋል። የአንድ ድርጅት የሽያጭ ክፍል ቀድሞ በሁለት ሰከንድ ይከፈትለት የነበረው ወርሃዊ ሪፖርት አሁን አርባ ሰከንድ እየፈጀበት መሆኑን ያመለክታል እንበል። በሙያ ማሠልጠኛ በደንብ የሠለጠነ ባለሙያ ብዙ ሳያመነታ ወደ ሰርቨሩ (መረጃና ፕሮግራም ለሌሎች ኮምፒውተሮች ወደሚያቀርበው ማሽን) ይገባል። ሚሞሪው ሞልቶ እንደሆነ፣ ዲስኩ ተጨናንቆ እንደሆነ፣ ሌሊት የተጀመረ ባክአፕ (የመረጃ መጠባበቂያ ቅጂ) ሳይጠናቀቅ እስከ ሥራ ሰዓት ዘልቆ እንደሆነ በቅደም ተከተል ያያል። ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ካገኘው ዳታቤዙ፣ ማለትም መረጃው በሰንጠረዥ ተደራጅቶ የሚቀመጥበት ሥርዓት፣ ብዙ ጊዜ የወሰዱበትን ጥያቄዎች (የመረጃ ፍለጋ ትእዛዞች) እንዲመዘግብ ያዝዘውና ሪፖርቱን ያዘገየውን ጥያቄ ነጥሎ ያወጣል። የት ማየት እንዳለበት፣ በየትኛው ትእዛዝ እንደሚያይና የትኛውን እንዳይነካ ያውቃል፤ ይህን ዕውቀት ያገኘው ደጋግሞ በእጁ በመሥራቱ ነው።

በዩኒቨርሲቲ በደንብ የተማረ ምሩቅ ደግሞ ያንን ጥያቄ ሲያነበው በደንበኛ ቁጥር የሚፈልግ መሆኑን፣ በዚያ ዓምድ ላይም ኢንዴክስ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ ረድፉን ቶሎ ለማግኘት የሚረዳ የተደረደረ ዝርዝር) አለመኖሩን ያስተውላል። ሰንጠረዡ አንድ ሚሊዮን ረድፍ ካለው ያለ ኢንዴክስ ሚሊዮኑን ረድፍ አንድ በአንድ ማንበብ ግድ እንደሆነ፣ በቅደም ተከተል በተደረደረ መረጃ ውስጥ ግን እያጋመሱ ሲፈልጉ 20 ያህል ንጽጽር እንደሚበቃ ያሰላል፤ ሁለትን ሃያ ጊዜ ብናባዛው 1,048,576 ይሆናልና። ከዚህም አልፎ ሰንጠረዡ ወደ ሁለት ሚሊዮን ረድፍ ሲያድግ ኢንዴክስ ያለው ፍለጋ በአንድ ንጽጽር ብቻ እንደሚጨምር፣ ኢንዴክስ የሌለው ግን በእጥፍ እንደሚዘገይ አስቀድሞ መናገር ይችላል። ያ የመጀመሪያው ባለሙያ ኢንዴክስን ባያስብና ለሰርቨሩ ሚሞሪ ቢጨምርለት ሪፖርቱ ለጥቂት ወራት ይፈጥንና መረጃው ሲበዛ ተመልሶ ይዘገያል።

ነገሩ ግን በዚህ አያበቃም። ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ዳታቤዝ በተለመደው ትእዛዝ ኢንዴክስ ሲሠራ፣ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ በሰንጠረዡ ላይ አዲስ መረጃ እንዳይጻፍ ይቆልፋል፤ ሳይቆልፍ የሚሠራበት ሌላ ትእዛዝ አለው። ይህንን ያልሰማ ምሩቅ ረፋድ ላይ ኢንዴክሱን ልሥራ ቢል ሪፖርቱን ለማፍጠን ብሎ ሽያጩን ያስቆማል። እንዲህ ያለ ስሕተት አጠገቤ ሲፈጸም አይቻለሁ፤ ምሩቁ የንድፈ ሐሳብ ስሕተት አልነበረበትም፣ መልሱም ትክክል ነበር፤ ያልነበረው «ይህን ለውጥ መቼ እናድርገው? የመጨረሻው ባክአፕ መቼ ተወሰደ? ካልሠራስ እንዴት እንመልሰዋለን?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ ነው። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ከሙያ ማሠልጠኛ የመጡት ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሲጠይቁ ሰምቻለሁ።

ሁለቱ መንገዶች ምን ያስተምራሉ?

የሙያ ሥልጠና ከጥቂት ወራት እስከ ሦስት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው በቤተ ሙከራና በሥራ ቦታ ልምምድ ነው፤ ኮምፒውተር መገጣጠምና መጠገን፣ ኬብል መዘርጋትና ጫፉን ማሰር፣ ራውተርና ስዊች የተባሉትን የኔትወርክ ማገናኛ መሣሪያዎች ማዋቀር፣ ዊንዶውስና ሊኑክስ ሰርቨሮችን ማስተዳደር፣ ድረ ገጽ መሥራት፣ ተጠቃሚን በስልክ መርዳት ዋና ዋና ይዘቶቹ ናቸው። በዚህ በኩል ብዙ ጊዜ በአርአያነት የሚጠቀሰው የጀርመን ሥርዓት ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1997 ፋኽኢንፎርማቲከር (የአይቲ ባለሙያ) የተባለውን ሙያ በመደበኛ የሙያ ሥልጠናዋ ውስጥ አስገብታ፣ ሠልጣኙ ለሦስት ዓመት ያህል በአንድ ኩባንያ ውስጥ እየሠራና እየተከፈለው ጎን ለጎን የሙያ ትምህርት ቤት እንዲከታተል አድርጋለች። መሸጋገሪያው ከሥልጠና ወደ ሥራ የሚዘለል ገደል አይደለም፤ ሠልጣኙ ሲመረቅ የሥራ ልምድ ያለው ሰው ሆኖ ነው። አንድ ማሠልጠኛ የሙያ ሥልጠና እሰጣለሁ ሲል ለዚህ አሠራር ምን ያህል እንደሚቀርብ መመዘን ይገባል፤ ተማሪው የትእዛዝ ዝርዝር እየሸመደደ በወረቀት የሚፈተንበት «ተግባራዊ» ሥልጠና የሁለቱንም መንገድ ጉድለት በአንድ ላይ የያዘ ነውና።

ዩኒቨርሲቲ በአንጻሩ ብዙዎች እንደሚጠብቁት በኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ መሥራትን ቀዳሚ አያደርግም። በኮምፒውተር ሳይንስ የመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ሴሚስተሮች ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጄብራ፣ ፕሮባቢሊቲና ዲስክሪት ሒሳብ ይበዛባቸዋል፤ ከዚያ አልጎሪዝም (ችግርን ደረጃ በደረጃ የመፍቻ ዘዴ)፣ የኮምፒውተር አሠራር፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ኮምፓይለር (የተጻፈን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም)፣ የዳታቤዝ ንድፈ ሐሳብ ይከተላሉ። ይህን ሳያውቁ የገቡ ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት «መቼ ነው አይቲ የምንማረው?» እያሉ ተስፋ ሲቆርጡ ማየት ያሳዝናል፤ የሚማሩት ሒሳብ ዋናው ትምህርት መሆኑን አስቀድሞ የነገራቸው የለም። የዲግሪዎቹም ስም ያሳስታል። ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ፣ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስና ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ በብዙ ቦታ የተለያዩ ትምህርቶች ናቸው፤ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ ወደ አስተዳደርና ሒሳብ አያያዝ ያዘነብላል፣ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከረጅም የሙያ ሥልጠና ብዙም አይለይም። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ የኮርሶቹን ዝርዝር አንድ በአንድ ማንበብ ይሻላል፤ ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ንባብ ነው፣ አብዛኛው አመልካች ግን አያደርገውም።

የቱ ዕውቀት ቶሎ ያረጃል?

ለዩኒቨርሲቲ ከሚቀርቡ ክርክሮች ሁሉ ጠንካራው መሠረታዊ ዕውቀት አያረጅም የሚለው ነው፤ ጥሩ ማስረጃም አለው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤድስኸር ዳይክስትራ በሁለት ነጥቦች መካከል አጭሩን መንገድ የሚያገኝበትን አልጎሪዝም ያሰበው እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሆን ያሳተመው በ1959 ነው፤ ዛሬም በትልልቅ ኔትወርኮች ውስጥ ኦ.ኤስ.ፒ.ኤፍ. በተባለው ፕሮቶኮል የሚነጋገሩ ራውተሮች መንገዳቸውን የሚያሰሉት በዚሁ ነው። ዳታቤዞች የቆሙበት የሰንጠረዥ ሞዴል ኤድጋር ኤፍ. ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ያቀረበው ነው። በሌላ በኩል አንድን መሣሪያ ብቻ የያዘ ዕውቀት ከመሣሪያው ጋር ይሞታል። ፍላሽ በተባለው የአዶቤ ኩባንያ ቴክኖሎጂ ለድረ ገጽ አኒሜሽንና ጨዋታ ይሠሩ የነበሩ ባለሙያዎች አዶቤ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 31 ቀን 2020 ድጋፉን ሲያቆም ያ ክህሎታቸው ዋጋ አጥቷል፤ የፓይተን ቋንቋ ሁለተኛው ትውልድም በዚያው ዓመት መጀመሪያ ድጋፉ አብቅቷል። የሙያ ማረጋገጫዎችም ይህንኑ የሚያምኑ ይመስላል፤ የሲስኮው የኔትወርክ ማረጋገጫ ሲ.ሲ.ኤን.ኤ. እና የኮምፕቲያው የኮምፒውተር ድጋፍ ማረጋገጫ ኤ ፕላስ ሁለቱም የሚያገለግሉት ለሦስት ዓመት ሲሆን ከዚያ መታደስ ይኖርባቸዋል።

ክርክሩ ግን ከልክ በላይ ሲለጠጥ አይቻለሁ። በሙያ ሥልጠና የሚገኝ ዕውቀት ሁሉ የሚያረጅ አይደለም። የኢንተርኔት ቀዳሚ የሆነው አርፓኔት ዛሬም ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት ወደሚነጋገሩባቸው ደንቦች፣ ወደ ቲ.ሲ.ፒ./አይ.ፒ. የተሸጋገረው እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1983 ነው፤ የአይ.ፒ. አድራሻን በንዑስ ኔትወርክ መከፋፈል በሚገባ የተማረ ሠልጣኝ ያንን ዕውቀት እስከ ጡረታው ሊጠቀምበት ይችላል። ብልሽትን ከታች ወደ ላይ የመፈለግ ሥርዓት፣ ማለትም መጀመሪያ ኬብሉን፣ ቀጥሎ የስዊቹን መስመር፣ ቀጥሎ አድራሻውን፣ በመጨረሻ ፕሮግራሙን የማየት ልማድም አያረጅም። ጥሩ ሠልጣኝ የሚለየው ትእዛዙን ከማወቅ አልፎ ትእዛዙ ምን እንደሚያደርግ በመጠየቁ ነው፤ ጥሩ ማሠልጠኛም ይህን ጥያቄ የሚያበረታታ ነው።

የትኛው መንገድ የትኛውን የሥራ በር ይከፍታል?

«አይቲ» አንድ ሙያ ስላልሆነ ንጽጽሩ በየሥራው ዓይነት መለያየት አለበት። የተጠቃሚ ድጋፍ፣ የኮምፒውተር ጥገና፣ የኔትወርክ ዝርጋታና የሰርቨር አስተዳደር ለሚፈልግ ሰው የሙያ ሥልጠና ከነማረጋገጫው ቀጥተኛው መንገድ ነው፤ ለእነዚህ ሥራዎች ብሎ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ መቀመጥ አስፈላጊ አይመስለኝም። በማሽን ለርኒንግ (ኮምፒውተር ከመረጃ እንዲማር በማድረግ) አዲስ ሞዴል መሥራት፣ ኮምፓይለር፣ ምስጠራ፣ የሮቦት ቁጥጥር፣ የምርምር ሥራ የሚስበው ሰው ደግሞ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይኖርበታል፤ እነዚህ ሥራዎች በሊኒየር አልጄብራና በፕሮባቢሊቲ የታነጹ ናቸው፣ ይህንን ሒሳብ ከሥራ መልስ ማታ ማታ ብቻውን የተማረ ሰው ቢኖርም ጥቂት ነው።

ሶፍትዌር ማበልጸግ በመሃል ላይ የሚገኝ ነው። ድረ ገጽና የሞባይል መተግበሪያ በሚሠሩ ቡድኖች ውስጥ ከሁለቱም መንገድ የመጡ ሰዎች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ቀጣሪውም በአብዛኛው የሚያየው የተሠራ ሥራን ነው። የሳይበር ደኅንነት ደግሞ በማስታወቂያ ብዛት የተነሳ ብዙዎች በቀጥታ የሚገቡበት መስክ መስሏቸዋል። በእኔ ግምት ግን ኔትወርክና ሰርቨር ሳያስተዳድሩ ስለ ደኅንነታቸው መመስከር አስቸጋሪ ነው፤ በየትኛውም መንገድ ቢመጡ ሁለትና ሦስት ዓመት በኔትወርክ ወይም በሲስተም አስተዳደር ሠርተው የገቡበት ሰዎች የበለጠ ጸንተው አይቻለሁ።

ከችሎታ ውጭ የሆኑ፣ በወረቀት የሚዘጉ በሮችም አሉ፤ ይህን ክፍል ወጣቶች ችላ ስለሚሉት ጠበቅ አድርጌ እጽፈዋለሁ። በብዙ አገሮች የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ትልልቅ ድርጅቶች የሥራ መደብንና የደመወዝ እርከንን ከዲግሪ ጋር አያይዘው ያስቀምጣሉ። እንዲህ ባለ ቦታ በችሎታው የሚታወቅ ባለሙያ ለዓመታት በአንድ እርከን ላይ ቆሞ፣ እሱ ራሱ ያለማመዳቸው ምሩቃን አለቆቹ ሲሆኑ ይመለከታል። ሁኔታው ፍትሐዊ ነው አልልም፤ መኖሩን ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ወደ ሌላ አገር ሄዶ መሥራትም ላይ ወረቀት ይከብዳል። የዩናይትድ ስቴትስ ኤች 1 ቢ ቪዛ በመሠረቱ ከሥራው ጋር የተያያዘ የመጀመሪያ ዲግሪ ወይም ተመጣጣኙን የሚጠይቅ ሲሆን፣ የሥራ ልምድ በዲግሪ ምትክ ሲቆጠር ለእያንዳንዱ ላልተማሩት ዓመት ሦስት ዓመት የሙያ ልምድ ይፈለጋል፤ ለአራት ዓመት ዲግሪ አሥራ ሁለት ዓመት ማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው የብሉ ካርድ (ከኅብረቱ ውጭ ለሚመጡ ባለሙያዎች የሚሰጥ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ) መመሪያ፣ የአይቲ ባለሙያዎችና ኃላፊዎች ባለፉት ሰባት ዓመታት ውስጥ ያገኙት ቢያንስ የሦስት ዓመት ተመጣጣኝ ልምድ በዲግሪ ፋንታ እንዲያዝላቸው ፈቅዷል።

የግል ድርጅቶች ደግሞ እየላሉ መጥተዋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2020 የሚሰጣቸውን አጫጭር የሙያ ሰርተፊኬቶች ለተዛማጅ የሥራ መደቦች ከአራት ዓመት ዲግሪ እኩል እንደሚቆጥር አስታውቋል። ይህን የሚጠቅሱ ማስታወቂያዎች ብዙ ናቸው፤ ሆኖም ውሳኔው የሚያስረው ጉግልን ብቻ ነው፣ «ተዛማጅ» የሚለውም ቃል በማስታወቂያዎቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ ተዘሎ ይታለፋል። ስለዚህ ማንም ሰው ከመመዝገቡ በፊት ሊሠራባቸው ከሚፈልጋቸው ድርጅቶች የወጡ አሥር ያህል የቅጥር ማስታወቂያዎችን ሰብስቦ «ዲግሪ» የሚለው ቃል ስንቱ ላይ ግዴታ ሆኖ እንደተጻፈ ቢቆጥር ከማንም ምክር የተሻለ መልስ ያገኛል።

ጊዜና ወጪ

ስለ ክፍያ የሚደረገው ንጽጽር አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያን ብቻ ያያል። ከክፍያው በላይ የሚከብደው ግን ያልተሠራበት ጊዜ ነው፤ የአንድ ዓመት ሥልጠና ጨርሶ ሥራ የገባ ሰው ጓደኛው የአራት ዓመት ዲግሪ ሲቀበል ሦስት ዓመት ደመወዝ በልቷል፣ ሦስት ዓመት ልምድም አለው። ይህ ብልጫ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጎልቶ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ወይ ይቀጥላል ወይ ይገለበጣል፣ የሚወስነውም ከላይ የተጠቀሱት የወረቀት በሮች በሚሠራበት ቦታ መኖር አለመኖራቸው ነው። ለትምህርት የሚበደር ሰው ደግሞ አንድ ነገር ጨምሮ ማሰብ አለበት፦ ከዩኒቨርሲቲ አቋርጦ የሚወጣ ተማሪ ዕዳው አብሮት ይቆያል፣ ዲግሪው ግን በግማሽ አይሰጠውም። የሙያ ሥልጠና በደረጃ የተከፋፈለ ከሆነ በየደረጃው የሚያዝ ማስረጃ ስላለው በዚህ በኩል ስጋቱ ያነሰ ነው።

ጉድለትን የመሙላት አቅም

አሁን ወደ መነሻው ጥያቄ እንመለስ። የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ጉድለት የእጅ ልምድ ነው። ይህን ለመሙላት የሚያስፈልገው መሣሪያ ዛሬ በአንድ መጠነኛ ኮምፒውተር ላይ ይገኛል፤ ቨርቹዋልቦክስ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ጭኖ በአንድ ማሽን ውስጥ ሦስት አራት ሰርቨሮችን ማቆም፣ ማገናኘት፣ ማበላሸትና መጠገን ይቻላል። ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ፈተና ያለበት ተማሪ ማንም የማያዝዘውን ሥራ በየሳምንቱ መሥራት ይከብደዋል፣ ብዙዎቹም ሳይሠሩት ይመረቃሉ። የሙያ ሠልጣኝ ጉድለት ንድፈ ሐሳብ ነው። ይህም መጽሐፉና ትምህርቱ በነጻ ይገኛል፤ የሚጎድለው ስሕተትን የሚያርም ሰው ነው። ሰርቨር ሲበላሽ ስሕተትዎን ራሱ ይነግርዎታል፣ የተሳሳተ የሒሳብ ማረጋገጫ (ፕሩፍ) ግን በወረቀቱ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ከሁለቱ ጉድለቶች በብቸኝነት ለመሙላት የሚከብደው ሁለተኛው ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስለዚህ ሒሳብን የሚችል፣ ወጪውን የሚሸከምለት ያገኘና ገና ያልወሰነ ወጣት ቢጠይቀኝ ወደ ዩኒቨርሲቲ አዘነብላለሁ፣ በቤቱ ግን ያንን የቨርቹዋልቦክስ ቤተ ሙከራ እንዲያቋቁም አጥብቄ እለምነዋለሁ። ወረቀት ላይ መቀመጥ የማይሆንለትን፣ ነገር ነካክቶ ሲያይ የሚገባውን ወጣት ግን ለክብር ሲባል ዩኒቨርሲቲ መላክ አራት ዓመቱን መቀማት ነው።

ራስን በግምት ከመመደብ ይልቅ መፈተን ይሻላል፤ አራት ሳምንት ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቨርቹዋልቦክስ ላይ ሊኑክስ ይጫኑ፣ ኤንጂንኤክስ የተባለውን ዌብ ሰርቨር ያቁሙበትና አንድ ገጽ እንዲያሳይ ያድርጉ። ከዚያ የማዋቀሪያ ፋይሉን ከፍተው ከአንድ መስመር መጨረሻ ላይ ሴሚኮለኑን (;)፣ ማለትም ትእዛዙን የሚዘጋውን ምልክት ያጥፉና ሰርቨሩን እንደገና ያስነሡት። አይነሣም። አሁን መልሱን እንደማያውቁ ሆነው የስሕተት መዝገቡን ያንብቡ፤ የፋይሉን ስምና የመስመሩን ቁጥር ይነግርዎታል፣ ሆኖም የሚጠቁመው መስመር ብዙ ጊዜ ምልክቱ የጠፋበት ሳይሆን ቀጥሎ ያለው ነው። ይህ ፍለጋ ጊዜው እንዴት እንደነጎደ እስኪረሱ ድረስ ከያዘዎት ብዙ ስለ ራስዎ አወቁ ማለት ነው።

በቀሩት ሁለት ሳምንታት በነጻ ከሚገኙ የዲስክሪት ሒሳብ ትምህርቶች አንዱን ይጀምሩ፤ ከ1 እስከ ማንኛውም ቁጥር ያሉት ድምር ቁጥሩን በተከታዩ አባዝቶ ለሁለት ከማካፈል ጋር እኩል መሆኑን በኢንዳክሽን (ለመጀመሪያው ቁጥር እንደሚሠራ፣ ለአንዱ ከሠራም ለተከታዩ እንደሚሠራ በማሳየት) ያረጋግጡ። ቀጥሎ ከላይ ያነሣነውን እያጋመሱ የመፈለግ ዘዴ ምንም ሳያዩ በወረቀት ላይ ይጻፉት፤ ዝርዝሩ ባዶ ቢሆንስ፣ አንድ ቁጥር ብቻ ቢኖረውስ፣ የሚፈለገው ቁጥር ባይኖርስ እያሉ ይሞክሩት። ቢሳሳቱ አይደንግጡ፤ በጃቫ ቋንቋ መደበኛ ላይብረሪ ውስጥ የነበረው የዚሁ ፍለጋ ኮድ እንኳ ለዓመታት ስሕተት ይዞ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ነው በሰፊው የታወቀው። ሁለት ትልልቅ ቁጥሮች ተደምረው ለሁለት ሲካፈሉ ድምሩ ከተመደበለት ቦታ ያልፍና አሉታዊ ቁጥር ይሆን ነበር። ይህን ታሪክ ሲያነቡ «እንዴት ሊሆን ቻለ?» ብለው ወረቀት ካነሡ የዩኒቨርሲቲው ሒሳብ የሚያስፈራዎት አይመስለኝም። ከሰለቸዎት ደግሞ ያም እውነተኛ መልስ ነው፣ ሊከበርም ይገባዋል።

ሁለቱን ማቀናጀት

ምርጫው አንዴ ተመርጦ የሚዘጋ አይደለም። በሙያ ሥልጠና ጀምሮ እየሠሩ በማታ ወይም በርቀት ዲግሪ መያዝ የተለመደ መንገድ ነው፤ ጥቅሙም ትልቅ ነው፤ ተማሪው ንድፈ ሐሳቡን ሲማር በሥራው ላይ ያጋጠመውን ችግር ያስታውሳልና ቶሎ ይገባዋል። እንቅፋቱ ሁለት ነው። አንደኛው ድካም ሲሆን፣ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ ሰው ማታ ሊኒየር አልጄብራ ማጥናት እንዴት እንደሚከብደው ያየው ያውቀዋል። ሁለተኛው የሙያ ሥልጠናው ውጤት በዩኒቨርሲቲው ተቀባይነት አለማግኘቱ ነው። ማሠልጠኛዎች «ወደ ዲግሪ ማሳደግ ይቻላል» ሲሉ የሚቻለው የትኛው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንደሆነና ስንት ኮርስ እንደሚያስቀንስ በጽሑፍ እንዲሰጡ መጠየቅ ያስፈልጋል። በቃል የተሰጠ ተስፋ ይዘው ሄደው ከአንደኛ ዓመት እንዲጀምሩ የተነገራቸውን አውቃለሁ።

በተቃራኒው ዲግሪ ይዞ አጭር የሙያ ሥልጠና የሚጨምርም አለ። ኮድ የሚጽፉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያዎች ከተስፋፉ ወዲህ ይህ ጥምረት የበለጠ ተፈላጊ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ፤ መሣሪያው የጻፈውን ኮድ ትክክለኛነት ለመመርመር ንድፈ ሐሳብ ይፈልጋል፣ በሥራ ላይ ባለ ሰርቨር ላይ ያለ ጉዳት ለማዋል ደግሞ የእጅ ልምድ ይፈልጋል። ቀድሞ ለጀማሪዎች ይሰጡ የነበሩ ቀላል የኮድ ሥራዎች ለመሣሪያዎቹ እየቀለሉ በመሄዳቸው፣ ከሁለቱም በኩል ግማሽ ግማሽ ብቻ ይዞ የሚመጣ ሰው መግቢያው ይጠብበታል።

ከመመዝገብዎ በፊት ተቋሙን በአካል ይጎብኙ

በወረቀት ተመሳሳይ የሚመስሉ ሁለት ተቋማት ሲጎበኙ ፍጹም ሊለያዩ ይችላሉ። ዩኒቨርሲቲ ከሆነ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ፈልገው በዚያ ሴሚስተር ስንት ፕሮግራም ከባዶ ጀምሮ እንደጻፈና የጻፈውን ማን አንብቦ አስተያየት እንደሰጠው ይጠይቁት። በሙያ ማሠልጠኛ ደግሞ ቤተ ሙከራው ተቆልፎ ከሆነ ያስከፍቱ። ለአንድ ራውተር ስንት ሠልጣኝ እንደሚደርስ፣ ሠልጣኞች ያለ አሠልጣኝ ገብተው መለማመድ የሚችሉበት ሰዓት መኖሩን፣ የሥራ ላይ ልምምዱን ቦታ ተቋሙ ራሱ የሚያገኝላቸው ወይም ሠልጣኙ የሚያፈላልገው መሆኑን ይጠይቁ፤ የመጨረሻው ጥያቄ መልስ ብቻውን ብዙ ይናገራል። «ሥራ እናስገባለን» የሚል ዋስትና ከሰጡዎት ባለፈው ዓመት ከተመረቁት ሦስቱን በስልክ እንዲያገናኙዎት ይጠይቁ፣ ሲያገኟቸውም ሥራ ማግኘታቸውን ከመጠየቅዎ በፊት በመጀመሪያው የሥራ ሳምንታቸው ያልገባቸው ነገር ምን እንደነበረ ይጠይቋቸው፤ እርስዎ በራስዎ ሊሞሉት የሚጠበቅብዎት ጉድለት የሚሰማው በዚያ መልስ ውስጥ ነው።